ተጨማሪው ስበት

«ጋሼ! ጋሼ፣ አገኘነው!»

ተመራማሪዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወርዳ የጥገና ክፍሉን በር በርግዳ ስትገባ፣ ቴክኒሻኑ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ የቧንቧ ማሰሪያ ያጠብቅ ነበር። ካቻቢቴውን ከአፉ አውጥቶ ቀና አለ። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯት በሩን ተደግፋ ቆመች። ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ እንዲህ ስትሮጥ አይቷት አያውቅም። መሬቱ እንዳይነቃነቅ ሲባል በዚህ ሕንፃ ውስጥ መሮጥ ክልክል ነው።

«ምኑን ነው ያገኛችሁት?»

«ስበቱን ነዋ! ተጨማሪው ስበት እውነት ነው። ኃላፊው ትናንት ቀኑን ሙሉ ራሳቸው ከዜሮ ጀምረው አስልተውት ያው ቁጥር መጣላቸው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ለሌሎቹ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ በስክሪን እናቀርባለን። እኔ ነኝ የማቀርበው፣ እኔ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» አለና ዘይት የነካው እጁ ልብሷን እንዳያበላሽ ወደ ኋላው ደብቆ ጉንጯን ሳማት።

ከልቡ ነበር ደስ ያለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤተ ሙከራ ፓምፕና ቧንቧ ሲጠግን ኖሯል። የአንድን ፓምፕ ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ሰምቶ የትኛው ኩሽኔታ እንዳለቀ ስለሚናገር፣ የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ብለው ይጠሩታል። ሒሳቡን ባያውቀውም ምን እንደሚለካ ጠንቅቆ ያውቃል። ከምድር ቤቱ፣ ከሁለት ወፍራም በሮች ኋላ፣ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብረት ጋን አለ። በውስጡ ከፀጉር በቀጠነ ክር አንዲት ዘንግ ተንጠልጥላለች፤ ከዘንጓ ጫፍና ጫፍ ሽምብራ የሚያካክሉ ሁለት የወርቅ ፍሬዎች አሉ። ሦስተኛ የወርቅ ፍሬ ደግሞ በሞተር እየተገፋች ትጠጋቸዋለች፣ ትርቃቸዋለች። እንዲህ መጣች ሄደች ስለምትል ስሟ «ጎረቤት» ነው። ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ሌላውን ይስባልና፣ ጎረቤት ስትጠጋ ዘንጓ በዓይን በማይታይ መጠን ዞር ትላለች። ያቺን መዞር ነው የሚለኩት። ባለቤቱ ሥራውን ስትጠይቀው «ሁለት ሽምብራ ምን ያህል እንደሚፈላለጉ ነው የምንለካው» ሲላት፣ «ለዚህ ነው ቅዳሜም የምትገባው?» ብላ ስቃበታለች።

«እስቲ ደግሞ ለእኔ በሚገባኝ ንገሪኝ» አላት ወንበር እየሳበላት። «ተጨማሪ ማለት?»

«ጎረቤትን ከመቼውም በላይ አቅርበን መለካት የጀመርነው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው አይደል? ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ስትጠጋ መሳብ ካለባት በላይ ትስባለች። ከመቶ አንድ እጅ። ትንሽ ይመስላል ግን ትንሽ አይደለም፣ ጋሼ። እንደዚህ በቅርብ ርቀት ስበት እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል።»

«ሌላ ነገር ቢሆንስ የሚስባት?»

«ሌላ ምን ቀረ!» በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «በግቢው የሚቆሙትን መኪኖች አስልተን ቀንሰናል። ጣራ ላይ ያለውን የውኃ ታንከር ቀንሰናል። ዝናብ መሬቱን ሲያርሰው የሚጨምረውን ክብደት ሳይቀር ቀንሰናል።»

«ሰውስ?»

«ሰውማ አይገባ! በልኬት ሰዓት ማን ይገባል?» ሳቀችና ተነሣች። «በሉ ልሂድ፣ ገና የማስተካክለው ብዙ አለኝ። አስር ሰዓት ላይ እንዳይቀሩብኝ፣ ከፊት ወንበር ነው የማስቀምጥዎ።»

በሩ ሲዘጋ ቴክኒሻኑ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ውርር አደረገው።

እሱ ይገባል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲገባ ሰንብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረቤትን ከበፊቱ አብልጠው ማቅረብ በጀመሩበት ማክሰኞ፣ ከጋኑ አጠገብ ያለው የአየር መምጠጫ ፓምፕ ሲያቃስት ከግድግዳ ወዲያ ሰማው። ጎረቤትን የሚገፋው ሞተር ብዙ በሠራ ቁጥር የማቀዝቀዣውን ውኃ ይሻማል፤ ፓምፑ ውኃ ሲያጥረው ይግላል። ፓምፑ ከተቃጠለ ደግሞ አየር ገብቶ የስምንት ወር ድካም በአንዴ አፈር ይበላል። በዚያው ቀን ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ፤ ፓምፑ ቆሞ ይለወጥ አለ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ልኬቱ እስኪያልቅ አይነካም።»

ገብቶ እንዳያስተካክለው ደግሞ በልኬት ሰዓት መግባት ያስቀጣል። እሱ አንዴ ተቀጥቷል። አምና ጭስ የሸተተው መስሎት በሩን ከፍቶ የአንድ ሳምንት ልኬት አበላሽቷል፤ ጭስም አልነበረም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ከአሁን በኋላ ቢደግም ስንብት ነው።

ስለዚህ ለማንም ሳይተነፍስ ከኋላ ባለው የአደጋ ጊዜ መውጫ በር መግባት ጀመረ። በየቀኑ ጎረቤት ስትጠጋ ገብቶ ከፓምፑ አጠገብ ይቆማል፤ እጁን በሽተኛ ደረት ላይ እንደሚያሳርፍ ሐኪም መዳፉን ፓምፑ ላይ አድርጎ፣ ቫልቩን በሌላው እጁ ሩብ ዙር ከፍቶ ውኃ ይለቅለታል። ጎረቤት ስትመለስ ቫልቩን ዘግቶ ይወጣል። ኮቴው መሬቱን እንዳያነቃንቅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነበር የሚገባው። ትንፋሹን እንኳ በአፍንጫው ቀስ እያደረገ ነበር የሚስበው። ያን ሁሉ ተጠንቅቆ አንድ ነገር አላሰበም፤ ቢያንቀሳቅሰውም ባያንቀሳቅሰውም ገላው ክብደት አለው።

ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደ። ጥግ ላይ የተቀመጠው የዕቃ ሚዛን ላይ ወጣ። ዘጠና አንድ ኪሎ። ወርዶ የኪሱን መፍቻዎች አውጥቶ እንደገና ወጣ። ዘጠና። በኪሱ መፍቻ ይዞ ነበር የሚገባው፤ ስለዚህ ዘጠና አንድ ነው። ዘጠና አንድ ኪሎ ከአንዲት ሽምብራ ጋር። ሒሳብ አያስፈልገውም ነበር።

ከሕንፃው ውጪ ወጥቶ ለባለቤቱ ደወለላት። ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናዋ ይንጫጫል።

«ድምፅህ ምን ሆኗል?» አለችው ገና «አለሽ?» ከማለቱ።

ነገራት። በመካከሉ የስፌት መኪናው ቆመ።

«ማንም አላየህም?»

«ማንም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«አሁን አንቺ።»

«ለጡረታህ ሦስት ዓመት ነው የቀረህ» አለች ቀጥላ።

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ ያቺ ልጃችንን ሒሳብ ያስጠናችልን ናት?»

«እሷው ናት። ዶክትሬቷ ራሱ በዚህ ነው የሚያልቀው። ዛሬ አዲስ ጃኬት ለብሳለች።»

«እና ለእኔ የደወልክልኝ ተው እንድልህ ነው?»

«ምናልባት።»

«ተውም አልልህ፣ ንገርም አልልህ። ኋላ በእኔ ታላክካለህ» አለችው። ከዚያ ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ብቻ ሳትበላ እንዳትገባ። በባዶ ሆድህ ስትናገር ትንተባተባለህ።»

ሊበላ ሞከረ፤ አልወረደለትም። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። በመንገዱ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አንዴ ጃኬቱን ረሳሁ ብሎ፣ ሁለተኛው ጊዜ ያለ ምንም ምክንያት።

ተመራማሪዋ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ለባዶ ወንበሮች ንግግሯን ትለማመድ ነበር። ኋላዋ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ቀይ መስመር እንደ ደረጃ ወጣ ወረድ ይላል።

«ጋሼ! ገና እኮ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይቀረናል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ተጨማሪው ስበት ያልታየባቸው ቀኖች አሉ?»

ፊቷ ጠየም አለ። ስለ እነዚያ ቀኖች ለማንም የነገረች አይመስልም። «ሁለት ቀን አሉ። መሣሪያው በደንብ ሳይረጋ ቀርቶ ነው ብለን አውጥተናቸዋል። ማን ነገረዎት?»

«ሁለተኛው ሐሙስና ከዚያ የሚቀጥለው ሰኞ?»

«አዎ…»

«ሐሙስ የአማቴ ቀብር ነበር» አለ። «ሰኞ ደግሞ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አርፍጄ ደረስኩ።»

መጀመሪያ አልገባትም። እጇ ላይ ያለውን ወረቀት፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ ስክሪኑን አየች። ቀስ ብላ ከፊት ወንበሮች በአንደኛው ላይ ተቀመጠች።

«የት ነበር የሚቆሙት?» አለች። ድምፅዋ እንደ ሐኪም ደረቅ ብሏል።

«ፓምፑ ጋ። ከጋኑ ሦስት እርምጃ።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ጎረቤት ስትጠጋ እገባለሁ፤ ስትመለስ እወጣለሁ። ፓምፑ የሚግለው ያኔ ነው። በካልሲ ነበር የምገባው፣ አላንቀሳቅስም ብዬ…»

«ክብደትዎ?»

«ዘጠና አንድ። አሁን ተመዝኜ ነው የመጣሁት።»

በንግግሯ ወረቀት ጀርባ ላይ አሰላች። እሱ ቆሞ እስክሪብቶዋን ተከተለ። ሁለት ጊዜ ሠርዛ እንደገና ጻፈች። መጨረሻ ላይ የወጣውን ቁጥር አክብባ መዳፏን ከደነችበት።

«ለእርስዎ ቀረብ ያለችውን ፍሬ ከሌላዋ ትንሽ አብልጠው ይስቧታል» አለች ቀና ሳትል። «ጎረቤት ስትመጣ አብረዋት ይመጣሉ፤ ስትሄድ አብረዋት ይሄዳሉ። እኛ ሁለታችሁን እንደ አንድ ቆጠርን። ከመቶ አንድ እጅ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ። ፓምፑ እንዳይቃጠልብሽ ብዬ ነው።»

«ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር!» ጮኸች። አዳራሹ መልሶ አስተጋባው። «ቢቃጠል እኮ ተቃጠለ ብዬ አለቅስና እንደገና እጀምራለሁ! እንዴት ለእኔ አይነግሩኝም? ለእኔ? አባቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ሊያየኝ የሚጠብቅ እኮ ነው!»

እሱ እጆቹን ወደ ኋላው ደብቆ ቆመ። ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ አባብሳ ተነሣች።

«ስሌት አይበቃም። እንሂድና እንየው።»

በዋናው በር ነበር ያስገባችው። እሱ ጫማውን አውልቆ ከፓምፑ አጠገብ የለመደው ቦታ ላይ ቆመ። ፓምፑ ያቃስታል። ሁለተኛው በር ከኋላው ተዘጋ። ጎረቤት በሞተሯ ቀስ እያለች ስትጠጋ ሰማት። ምንም ሳይሠራ እንዲህ ቆሞ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እጁ ቫልቩ ላይ፣ ልቡ ፓምፑ ላይ ነበር። አሁን ግን ሥራው መቆም ብቻ ሆነ። ያ ፍሬ፣ በብረቱ ውስጥ፣ ወደ እሱ ዘንበል እያለ መሆኑን አሰበ፤ ላቡም ክብደት አለው ብሎ አሰበ።

«ይውጡ» አለች በግድግዳው ድምፅ ማጉያ። ወጣ። ጠበቀ። «ይግቡ።» ገባ። «ይውጡ።» ሦስት ጊዜ እንዲህ አመላለሰችው። በየመሐሉ ድምፅ ማጉያው ሲንሾካሾክ፣ የሆነ ነገር የምትነግረው እየመሰለው አንገቱን ያቀናል። በመጨረሻ ድምፁ ረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆየና፦

«ይበቃል፣ ጋሼ። እርስዎ ነዎት።»

ተመራማሪዋ ነግራው ኃላፊው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሁለቱን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። ኃላፊውና ቴክኒሻኑ በአንድ ዓመት ነበር የተቀጠሩት፤ ያኔ በአንድ ጠረጴዛ ምሳ ይበሉ ነበር።

«ምን አደረግኩህ?» አለው። «ንገረኝ እስቲ፣ ምን በደልኩህ? ስልሳ ሰው ስክሪን ላይ ይጠብቀኛል!»

«ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር።»

«ደብዳቤ ጻፍክና ግባ ተባልክ? አትነካውም አይደል ያልኩህ?»

ግን ደብዳቤው ትዝ እንዳለው ከኃላፊው ፊት ያስታውቅ ነበር። የራሱ አንድ መስመርም ከሥሩ፣ ከነፊርማው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ስማኝ ጆሮ። አቀራረቡን እንሰርዘዋለን፤ እሱ ምንም አማራጭ የለውም። ምክንያቱን ግን የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት መለዋወጥ ነው እንላለን። ሙቀቱም እኮ ይለዋወጣል፣ ውሸት አይደለም። የምድር ቤቱ መግቢያ መዝገብ ላይ የማንም ስም የለም፣ ስለዚህ ማንም አልገባም። አንተም ሥራህ ላይ ትቆያለህ። ፓምፑንም ነገውኑ አስለውጣለሁ።»

በቴክኒሻኑ ደረት ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሥቶለት ነበር። «እሺ» ማለት ብቻ ነው። ባለቤቱን አሰባት፤ ማታ «እንዴት ሆነ?» ስትለው «በሰላም አለቀ» ሊላት ነው። ተመራማሪዋን አያት። መሬት መሬት እያየች የጃኬቷን ቁልፍ ታሽከረክራለች።

«በውኃው ነው ከተባለ» አለ ቀስ ብሎ «ሌሎቹ ቤተ ሙከራዎች ውኃቸውን ሊፈትሹ ነው?»

«ይፈትሹ፣ ምን ይጎዳቸዋል?»

«እሷስ?»

ኃላፊው መልስ ሳይሰጥ ተመራማሪዋ ተናገረች። ድምፅዋ ብዙም አይሰማም። «እኔም የውኃውን ሙቀት ሳጠና አንድ ዓመት ይሄዳል። ያልተፈጠረ ነገር ሳጠና። ያ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ እውነቱን ማውጣት የለም።»

«አንድ ዓመት ምን አላት፣ ወጣት ናት!» አለ ኃላፊው። «ይኼን ሰውዬ ግን ከዚህ ወጥቶ ማን ይቀጥረዋል? ለእሱ አዝኜ እኮ ነው!»

«ለእኔ አትዘን» አለ ቴክኒሻኑ። ቁጣ አልነበረበትም። ይልቅ ደክሞት ነበር። «አንተ የመሰለህን ንገራቸው። እኔ ታች ትንሽ ሥራ አለኝ።»

«ምን ሥራ? ጆሮ! እያናገርኩህ እኮ ነው!»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወረደ።

የመግቢያው መዝገብ ከምድር ቤቱ ዋና በር አጠገብ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ስም፣ የመግቢያ ምክንያት። የመጨረሻው ጽሑፍ የወር ያህል ዕድሜ አለው፤ ከዚያ በታች ንጹሕ ገጽ ነው። ቴክኒሻኑ መዝገቡን ከገመዱ ፈትቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገ። የማክሰኞውን ቀን ጻፈና እስክሪብቶው ቆመበት። ሰዓቱን አያስታውስም። ደቂቃ ቆጥሮ የሚሰርቅ ማን አለ?

ኮቴ ሰማ። ቀና ሳይል አወቃት፤ ግራ እግሯን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትረግጠው። ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን አቅፋ መጥታ ከአጠገቡ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። መዝገቡን አየች፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ለመጠየቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ሰዓቱ ጠፋብኝ» አላት። «በግምት እንዳልጽፈው ነው።»

ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ ከፍታ ቀዩን መስመር ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ገፋችው። እስከ መጀመሪያው ማክሰኞ።

«አራት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ ገብተዋል» አለች።

ጻፈ።

«አምስት ሰዓት ከሁለት ላይ ወጥተዋል።»

ጻፈ። ስሙን ጻፈ። በመጨረሻው አምድ ላይ እጁ ቆም አለ። ለአስራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ አምድ ላይ «ጥገና» እያለ ነው የጻፈው። ከላይ የኃላፊው ቢሮ በር ተከፈተና አንድ ሰው ደረጃው ላይ ጥቂት ወርዶ ቆመ። ተመራማሪዋ ዞር ብላ አየችውና ፊቷን ወደ ስክሪኗ መለሰች።

ቴክኒሻኑ «ያለ ፈቃድ» ብሎ ጻፈ። ነጥብ አደረገበት። ከጎኑ ደግሞ «ፓምፑ ታሞ» ብሎ ጨመረበትና አንድ መስመር ወረደ።

«ቀጥዪ» አላት። «ረቡዕ።»